ሳይለቁ መልቀቅ

ስለ ነጻ ፈቃድ በዚህች መጽሔታችን ተጽፏል። ስለ ሞት ተጽፏል። ስለ ፍቅርማ፣ አንባቢ ይመስክር፣ እስኪበቃን ተጽፏል። «ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» የሚለው ጥያቄ ግን የፍልስፍና ወግ ሆኖ ሲቀርብ አላየንም። ምክንያቱ፣ ጥያቄው የሆድ ጥያቄ ተደርጎ ስለሚታሰብ ይመስለናል። የሆድ ጥያቄ በታክሲ ውስጥ፣ በሻይ ቤት፣ ማታ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚነሣ እንጂ በወረቀት የሚሰፍር አይደለም ይባላል። እኛ በበኩላችን ይህን አንቀበልም። ሰው ከቀኑ ስምንቱን ሰዓት፣ ከጉልምስናው ደግሞ አብዛኛውን ለምን ነገር እንደሚሰጥ መጠየቅ የኅሊና ጥያቄ ካልሆነ፣ የኅሊና ጥያቄ የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ደግሞም ጥያቄው ደጃችን ድረስ መጥቷል። አምናና ካቻምና የተመረቁት ጓደኞቻችን ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ግቢያችን ብቅ ሲሉ ሌላ ወሬ የላቸውም። አንዱ ከሰበታ ይመጣል፣ አንዷ ከቡራዩ፣ ሌላው ከሱሉልታ። ሻይ ይታዘዛል፤ «እሺ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ መሽቶ እስክንለያይ ሌላ ርእስ የለም።

ሦስቱን ከተሞች ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ ይዞ የወጣ ሰበታ ይደርሳል። በአስኮ በኩል የአምቦን መንገድ የያዘ ቡራዩ ይገባል። በአዲሱ ገበያ ሽቅብ ብሎ የእንጦጦን ጀርባ የተሻገረ ደግሞ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል፤ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም የሚጮኸው የጥንቱን ስማቸውን ነው። አዲስ አበባ ከነዚህ ከተሞች ብዙ ትወስዳለች። የቡራዩው ገፈርሳ ከ70 ዓመት በላይ ውኃ አጠጥቷታል፤ ሱሉልታ በፕላስቲክ የታሸገውን ትልክላታለች፤ ሰበታ ቢራውንና ጨርቁን። ማለዳ የሰርቪስ አውቶቡሶች ሠራተኛ ጭነው በነዚህ መንገዶች ይወጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። በየመስኮቱ ተደግፎ የሚያንቀላፋው ሰው ስንቱ እንደሚሆን እንጃ፣ ግማሹ ያንኑ ጥያቄ እያሰላሰለ ነው የሚሄደው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ታዲያ ይህ ሰው ብቻውን ሲያስብ እንኳ ቋንቋው ነጻ አይተወውም። «ቻለ» የሚለውን ግሥ እንመልከት። መኪና መንዳት የሚያውቀውን «ይችላል» እንላለን፤ በደል ተሸክሞ ዝም ያለውንም «ቻለው» እንላለን። ችሎታና ቻይነት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እናቶቻችን «ቻል አድርገው እንጂ ልጄ» ሲሉ ምክር ብቻ አይደለም የሚሰጡት፤ መሸከም ራሱ ሙያ መሆኑን ነው የሚያስተምሩት። አሁን ደግሞ «ለቀቀ»ን እንይ። ከዚያው ሥር «ልቅ» የሚል ቃል ይወጣል፤ ማሰሪያ የሌለው፣ ሥርዐት የጣሰ ማለት ነው፤ ስድብ ነው። ሥራ ለቅቆ ሰፈር የገባ ልጅ የሚጠብቀው ስም የታወቀ ነው፤ «ጠግቦ ነው»። እንጀራውን ረገጠ ይባላል። ምናልባት የሚናገረው ነገር ይኖረው ይሆን ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ለሱ የተዘጋጀለት «ሆድ ይፍጀው» ነው። እርግጥ ነው፣ ተረቶቻችን ሁሉ ከሚቆየው ወገን አልቆሙም። «በሬ ካራጁ ይውላል» ያለው ሰው ስለ ትዕግሥት ያለውን አስተያየት ገልጿል። ይሁን እንጂ ይህን ተረት ለልጁ የሥራ ምክር አድርጎ የሚነግር አባት እስካሁን አልገጠመንም።

ለመሆኑ ሰው በእርግጥ ይቆያል ወይ? ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። በኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች (ፋብሪካዎችም የአበባ እርሻም አሉበት) ሥራ ፈልገው የተመዘገቡ 947 ሰዎችን ተከታተሉ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ዕጣ ወጣ። ለከፊሎቹ ሥራው ተሰጣቸው፤ ለከፊሎቹ 300 ዶላር ገደማ መነሻ ገንዘብና አጭር ሥልጠና፤ የቀሩት ምንም አልደረሳቸውም። ሥራው ከደረሳቸው ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ጥለው ሄዱ። ዓመት ሳይሞላ ከመቶ 77ቱ ለቀቁ። ጥናቱ እንዳለው ፋብሪካ ውስጥ የቆዩበት እያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የሚደርስባቸውን ሰዎች ከመቶ በአንድ ያህል ይጨምር ነበር፤ ገቢያቸው ደግሞ ሥራውን ካላገኙት ይህን ያህል አልበለጠም። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩዋቸው ሥራ የተሰጠውም፣ ገንዘብ የተሰጠውም፣ ምንም ያልተሰጠውም በገቢና በሥራ ተመሳስለው ተገኙ።

ይህን ቁጥር እንደዋዛ ማለፍ አይቻልም። ከገጠር መጥታ፣ ሰበታ ላይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሰፋ አንዲት ልጅ እናስብ። ወጣቶቻችን ሥራ አይወዱም፣ አይታገሡም፣ ዛሬ ገብተው ነገ ይወጣሉ እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ሞልተዋል፤ በሬዲዮም ሰምተናቸዋል። እኛ ግን የሚታየን ሌላ ነው። ይህች ልጅ ደመወዟ ላይ ድምፅ አልተሰጣትም፤ የሥራ ሰዓቷ ላይ ድምፅ አልተሰጣትም፤ የሽንት ቤት ፈቃድ እንኳ ከአለቃ የሚገኝ ነው። የቀራት ብቸኛ ድምፅ እግሯ ነው። በሱ ድምፅ ስትሰጥ «ጥጋብ» ይባላል። ማነው የጠገበው?

እግር ያለው ደግሞ ሠራተኛው ብቻ አይደለም። እዚያው ሰበታ ያለውን የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እናንሣ። በንጉሡ ዘመን ተቋቋመ፤ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሆነ፤ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ለቢጂአይ አስረክቦ ወጣ። ከበሩ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ሠራተኛ ካለ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ሦስት አራት አሠሪ ለውጧል ማለት ነው። በዚያው በ2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምሰሶ ይባል የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች ዘግቶ መውጣቱን አስታወቀ። ዲያጆን «ቻል አድርገው» ያለችው እናት አልነበረችም፤ ፒቪኤችንም «ጠግቦ ነው» ያለው ጎረቤት የለም። የንግድ ስሌት ነው ተባለ፤ ጋዜጣው በክብር ዘገበው። ስሌታቸው ትክክል ይሁን አይሁን የኛ ጉዳይ አይደለም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ገንዘብ ሲለቅ ስሌት ከሆነ፣ ልጅቷም ስትለቅ ስሌት ነው። በተረፈ እሷ የምታሰላው በገዛ ወገቧ ነው።

ሕጉ በዚህ ነገር ከሰፈር ሽማግሌ ይልቅ ለሚለቀው ይራራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ (ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም) ያለ ማስጠንቀቂያ ይሂድ ይላል። ሙከራውን የጨረሰ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥና ይሂድ ይላል፤ ምክንያት እንኳ አይጠይቀውም። አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ በዚያው ዕለት መውጣት ይችላል። ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን ይህን ሲያነብልን አንድ ነገር ገረመን። ሕግ አውጪው ስልቸታን በ30 ቀን፣ ውርደትን በዜሮ ቀን ለክቶታል። ልኬቱ መልካም ነው። ችግሩ፣ ውርደት እንደ አዋጁ በአንድ ቀን ተጠቅልሎ አይመጣም። በማንኪያ እየተቀነሰ ነው የሚሰጠው። ዛሬ ሰላምታ ሳይመልስልህ ያልፋል፤ ነገ የጻፍከውን ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ከነገ ወዲያ በሰው ፊት «አንተ ልጅ» ይልሃል። በየትኛው ማንኪያ ላይ ነው ስልቸታው ውርደት የሆነው?

ሲሞን ቬይ የተባለች ፈረንሳዊት የፍልስፍና መምህርት እ.ኤ.አ. በ1934 መጨረሻ ከማስተማር ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ፓሪስ ውስጥ በፋብሪካ ተቀጠረች፤ በሚቀጥለው ዓመትም በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ሠራች። መጨቆን ዐመፅን ይወልዳል ብላ ጠብቃ ነበር የገባችው። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው። በራሷ ላይ ያየችው ታዛዥነትን ነው፤ ድካሙና ፍጥነቱ ዐመፁን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ነጥቋት እንደነበረ ጽፋለች። እኛ ይህን ስናነብ የገባን ነገር አለ። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ ብሎ መወሰን ራሱ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያ ጉልበት ደግሞ ሥራው አስቀድሞ የሚወስደው ነው። ከአዳር ፈረቃ ወጥቶ አልጋው ላይ የተዘረጋ ሰው «ነገ እለቃለሁ» ቢል ድካሙ ነው የተናገረው፤ «ግድ የለም እቆያለሁ» ቢልም ያው ድካሙ ነው።

ስለ ልጅቷ ይህን ያህል። የኛ ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ ዲግሪ ይዘን ስለምንወጣው ማለታችን ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም በመምህርነት። ከዚያ ትውልድ የሆኑ አባቶች ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ስለ ቁንጫውም ስለ ብርዱም በሳቅ ነው የሚያወሩት። ለምን? አንድ ዓመት ማለቂያ አለዋ! ማለቂያው የታወቀ ነገር እንዴትም ይቻላል። ቡራዩ የምታስተምረው ጓደኛችን ግን የሚጠብቃት ሰኔ ሁሉ ከመስከረም ጋር የተያያዘ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሰማንያ ያህል ልጅ አለ። ከደመወዟ እኩሌታው ለቤት ኪራይ ይሄዳል። እሷ ልቀቂ ብለን ስንወተውታት የመለሰችልንን እንዳለ እንጻፈው። «ከሄድኩ ልጆቹን ማን ያስተምራቸዋል አልልም፤ ቅጥር ይወጣል፣ ሌላ ይመጣል፣ ምናልባትም ከኔ የሚሻል። ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ግን አይመጣም» አለችን። እጇን ማውጣቷን እናውቃለን። ባለፈው ዓመት ክፍሉ ለሁለት ይከፈል ብላ ተነሥታ ሳቁባት፤ ዘንድሮ ደግማ ተነሣች፤ ሁለት መምህራን አብረዋት ተነሡ። ክፍሉ ገና አልተከፈለም።

ይህ የጓደኛችን መልስ አንድ መጽሐፍ አስታወሰን። አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ መውጣት፣ ስለ ድምፅና ስለ ታማኝነት ያሳተመው ነው። መነሻው የናይጄሪያ ባቡር ነበር። (ባቡር ለሰበታ ልጅ ባዕድ አይደለም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ መስመር ከዚያው ነው የሚነሣው።) የናይጄሪያው ባቡር ሥራ ተበላሽቶ ነበር፤ የጭነት መኪናዎች ተወዳዳሪ ሆነው መጡ፤ እንግዲህ ደንበኛው ሲሸሸው ባቡሩ ደንግጦ ይሻሻላል ተብሎ ታሰበ። አልተሻሻለም፤ ባሰበት። ምክንያቱም መጀመሪያ ወደ መኪናው የሄዱት ለጥራት የሚጨነቁት፣ ቢቀሩ ኖሮ ቢሮ ሰብረው የሚጮኹት ነበሩ። እነሱ ሲወጡ ጩኸቱ አብሮ ወጣ፤ የባቡሩ ሹማምንት ዐረፉ።

ይህን ወደ ፋብሪካው በር ስናመጣው የሚታየው ደስ አይልም። ከመቶ 77ቱ ሲወጡ አሠሪው ደነገጠ? በሩ ላይ ሌላ ሰልፍ ቆሞለት ምን ያስደነግጠዋል! የወጣችው ልጅ ትክክል ናት፤ መውጣቷም ፋብሪካውን አልነካውም፤ ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው። የሚቀጥለዋ ልጅ እዚያችው ማሽን ላይ ትቀመጣለች።

እንግዲህ እስካሁን ሁለት ዓይነት ሰው አይተናል፤ ወጥታ የሄደችዋን፣ ቆይታ እጇን ያወጣችዋን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን ሦስተኛው ነው። አልወጣም፣ አልቆየምም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ጠዋት ይፈርማል፤ ኮቱን ወንበሩ ላይ ይሰቅላል፤ ይጠፋል። ባለጉዳይ ሲመጣ «አለ፣ ኮቱ ይኸው» ይባላል። እኛ በዚህ ቀልድ ስቀን አድገናል። ኮቱ ላይ ብዙ አንፈርድም፤ ኮት ሰው አይጎዳም፣ ባለጉዳይ ቢያንገላታ ነው። ነገር ግን ኮት ሳይሆን ሌላ ነገር ሰቅሎ የሚጠፋ ሰው አለ።

የሱሉልታው ጓደኛችን ኬሚስትሪ ነው ያጠናው፤ ውኃ በሚያሽግ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጠረ። የፋብሪካውን ስም አንጽፍም። ሥራው በየሰዓቱ ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። ድፍርስነቱ፣ አሲድነቱ ወዲያው ይታወቃል። ባክቴሪያው ግን ወዲያው አይታወቅም፤ ናሙናው ሙቀቱ በተለካ ሣጥን ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ማደር አለበት። ጭነቱ ደግሞ በዚያው ማታ ይወጣል። ስለዚህ ውጤቱ ሲደርስ ውኃው ሱቅ ነው፤ ምናልባትም ሆድ ውስጥ ነው። ጓደኛችን ውጤት እስኪመጣ ጭነቱ መጋዘን ይደር ብሎ ጻፈ። መጋዘን የለንም ተባለ። ደግሞ ጻፈ። ኃላፊው «አንተ ልጅ፣ እስካሁን የታመመ ሰው አለ?» አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። በአራተኛው ሳምንት ቅጹ ላይ ውጤቱ ሳይደርስ «ደህና» ብሎ መፈረም ጀመረ። «ለቅቄያለሁ እኮ» አለን እየሳቀ፣ «ደብዳቤው ነው የቀረው።»

ያን ማታ ዶርም ውስጥ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከራከርን። ከመካከላችን ግማሹ ይልቀቅ አለ፤ ግማሹ ይቆይ አለ። ይልቀቅ ያሉት ወጣትነቱ እንዳይበላሽ ነው የሚያዝኑት። ይቆይ ያሉት ስለ ደመወዙ ነው፤ እናቱ ሙከጡሪ ናቸው፣ የሚልክላቸው እሱ ብቻ ነው፣ እኅቱ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። በመጨረሻ ዝም ብላ ስታዳምጥ የነበረችው የቡራዩዋ ጓደኛችን፣ በኋላ በስልክ ነገሩን ስንነግራት፣ «ስለ መልቀቅ ምን ያስጨንቃችኋል? እሱ ፊርማውን ነው ሰቅሎ የሄደው» አለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሌላ ዓይን ነው የምናየው። ኮቱን የሰቀለ ሰው ባለጉዳዩ እንዲጠብቅ ያደርጋል። ፊርማውን የሰቀለ ሰው ግን ባለጉዳዩ እንዲያምን ያደርጋል። ያንን ጠርሙስ ከፍቶ የሚጠጣ ሰው፣ ከኋላው አንድ ኬሚስት ቆሞ እንደተመለከተለት አምኖ ነው የሚጠጣው። ኬሚስቱ ግን የለም፤ በልቡ ከለቀቀ ወር አልፎታል። ደብዳቤ አስገብቶ ቢወጣ ኖሮ ቢያንስ ወንበሩ ባዶ መሆኑ ይታይ ነበር። አሁን ግን ባዶው ወንበር በስሙ ይፈርማል።

በአገራችን የቅርብ ታሪክ በከፍተኛ ሥልጣን ላይ ሆነው ይህ ፈተና የመጣባቸው ሰዎች ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጎሹ ወልዴ በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ሳሉ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ለምን እንደለቀቁም በአደባባይ ተናገሩ። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በኃላፊነት ቆየ፤ ቆይቶም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው ቆየ። በየትኛው ላይ እንፍረድ? እኛ የምናየው የሚያመሳስላቸውን ነው፤ ሁለቱም ስማቸውን ይዘው ነው የሄዱበት የሄዱት፤ ባላመኑበት ነገር ሥር ትተውት አልሄዱም። በነሱ ዘመን ከሁለቱ ይልቅ የበዙት ግን ያልወጡም ያልተናገሩም ነበሩ፤ ታሪክ ስማቸውን አልመዘገበም፤ ፊርማቸው ግን በየማኅደሩ አለ።

ይህን ለጓደኛችን ስንነግረው ተቆጣ። «በዓሉ ግርማን ከኔ ጋር ምን አገናኘው? እኔ የውኃ ሠራተኛ ነኝ» አለ። ቀጠለና፣ «እናንተ ካፌ ተሰልፋችሁ ትበላላችሁ፤ መብራት የሚከፈልላችሁ፣ ኪራይ የማትጠየቁ። ከሥራ የለቀቃችሁት ነገር ቢኖር የካፌውን ሰልፍ ነው» አለን። ሳቅን፤ እውነቱን ነው። ድሀ ሰው ጀግና ይሁን ብሎ ከዶርም ሆኖ መፍረድ ርካሽ ነገር ነው። ለሙከጡሪዋ እናት የሚላከው ብር ከየትኛውም የፍልስፍና መጽሐፍ በላይ እንደሚከብድ እናውቃለን። ስለዚህ ቆየ ብለን አንወቅሰውም፤ ዝም አለ ብለንም አንወቅሰውም፤ ዝምታም የድሀ መጠለያ ነው። ያልተቀበልነው «ደህና» የምትለዋን ቃል ነው። ችግር ሰውን ያስቀምጣል፣ ያስለቅቃል፣ ዝም ያሰኛል፤ ያልታየ ውኃ ታየ ማለትን ግን እውነት አያደርገውም። እኅቱም የምትጠጣው ከዚያው ጠርሙስ ይሆናል።

በዚህ ላይ ደርሰን ከመካከላችን አንዱ ትንሽ ነገር ጠየቀው። «ቅጹ ላይ ከ‹ደህና› ሌላ መጻፍ አይቻልም?» አለው። ጓደኛችን ዐሰበና፣ «‹ውጤት አልደረሰም› ተብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ቦታ አለው። የሚጽፈው የለም እንጂ» አለ። ለምን አይጻፍም? ቢጻፍስ ምን ይመጣል? ምናልባት ያባርሩት ይሆናል። ያን ጊዜ መልቀቁና መቆየቱ የነሱ ጭንቀት ይሆናል እንጂ የሱ አይደለም። ምናልባት ደግሞ ምንም አይመጣም፤ ቅጹን የሚያነበው ሰው ከሌለ ሐሰቱንም እውነቱንም የሚያነበው የለም። ይህን የመጨረሻውን ስንለው ፊቱ ከቀድሞው ይልቅ ጨለመ። የሚፈራው መባረሩን ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ እውነቱን ጽፎ ማንም ልብ ሳይለው መቅረቱንም ነበር። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ፍርሃት የምንለው ነገር አላገኘንም።

ባለፈው ቅዳሜ ሲመጣ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይዞ መጣ። የመልቀቂያ ደብዳቤ መስሎን ነበር። አይደለም፤ ሦስቱ የቀድሞ ማስታወሻዎቹ የተጻፉበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ ዘርዝሮ፣ ከአሁን ወዲህ ቅጹ ላይ የሚጽፈው ያየውን ብቻ መሆኑን ለኃላፊው የሚያስታውቅ ነው፤ ከታች ለሁለት ሌሎች ክፍሎች ግልባጭ ይላል። ሕግ የሚያጠናው ልጅ አነበበው፤ አንዲት ኃይለኛ ቃል ሰረዘና መለሰለት። ጓደኛችን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከግርጌው ላይ ለቀኑ የተተወው ቦታ ገና ባዶ ነበር። መቼ ታስገባዋለህ ብለን ስንጠይቀው «ሰኞ አዳር ነኝ» አለና ታክሲ እንዳያመልጠው ወደ አዲሱ ገበያ ሮጠ።